ዊልያም ፋርና የወረርሽኝ ስሌት

በሰውም ሆነ በከብት ላይ ወረርሽኝ በሚነሣበት ጊዜ የሁሉም የመጀመሪያ ጥያቄ መድኃኒቱ ምንድን ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ከመጀመሪያው የማያንስ ክብደት አለው፤ ይኸውም በሽታው እስከ ምን ድረስ ይስፋፋል፣ መቼስ ይቆማል የሚለው ነው። ይህን ሁለተኛ ጥያቄ በግምት ብቻ ሳይሆን በሒሳብ ለመመለስ በመጀመሪያ ከደፈሩት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ፋር ነው። ፋር የዛሬው የወረርሽኝ ስሌት ከመደርጀቱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ አራት ቁጥሮችን ብቻ ይዞ፣ መላውን ብሪታንያ ያስጨነቀው የቀንድ ከብት ወረርሽኝ በቅርቡ እንደሚበርድ በጋዜጣ አስታወቀ። ስሌቱ በከፊል ትክክል፣ በከፊል ደግሞ ስሕተት ሆኖ ተገኘ። ታሪኩ ቁጥርን መሣሪያው ላደረገ ባለሙያ ሁሉ የሚጠቅመው ትክክል ስለ ሆነበት ብቻ ሳይሆን፣ የተሳሳተበትም ምክንያት በግልጽ ስለሚታወቅ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዊልያም ፋር ኖቬምበር 30 ቀን 1807 በምዕራብ እንግሊዝ፣ ሽሮፕሽር በሚባለው አውራጃ፣ ኬንሊ በምትባል የገጠር መንደር ከድኾች ወላጆች ተወለደ። ወላጆቹ የማስተማር አቅም ስላልነበራቸው፣ ጆሴፍ ፕራይስ የተባሉ የአካባቢው ባለርስት ገና በልጅነቱ ወስደው አሳደጉት። እኒሁ ሰው በ1828 ሲሞቱ ለፋር 500 ፓውንድ ተናዘዙለት። ለአንድ የድኻ ልጅ ይህ ገንዘብ የሕይወት መንገድ የሚለውጥ ነበር። ፋርም ገንዘቡን ለንግድ ወይም ለርስት መግዣ ሳያውለው ሕክምና ለማጥናት ወደ ፓሪስ ተሻገረ።

በዚያን ዘመን ፓሪስ የአውሮፓ ሕክምና ዋና ማዕከል ነበረች። በዚያም ፒየር ሉዊ የተባለው ሐኪም አንድ አዲስ ሐሳብ ያስተምር ነበር። የአንድ ሕክምና ጠቃሚነት የሚታወቀው በሐኪሙ ዝና ወይም በአንድ ሁለት በሽተኞች መዳን ሳይሆን፣ የዳኑትንና የሞቱትን ቆጥሮ በማመዛዘን ነው ይል ነበር። በዚሁ ዘዴ ለብዙ ዘመናት የታመነበት ደም የማፍሰስ ሕክምና የተባለለትን ያህል እንደማይጠቅም አሳየ። ወጣቱ ፋር ከዚህ መምህር ያገኘው ትምህርት እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልተለየውም።

ወደ አገሩ ተመልሶ በ1832 ከመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር የሐኪምነት ፈቃድ አገኘና ለንደን ውስጥ ሥራ ጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት አገባ፤ ነገር ግን ባለቤቱ በ1837 በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። በዚያው ዓመት ስለ ሕዝብ ልደት፣ ሕመምና ሞት ስታቲስቲክስ የጻፈው ሰፊ ምዕራፍ ስለ ብሪታንያ መንግሥት በተዘጋጀ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ ታተመ። ይህም ጽሑፍ ዕውቅና አተረፈለት። በእንግሊዝና በዌልስ ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን በመንግሥት መዝገብ የማስፈር ሥራ የተጀመረው በዚሁ በ1837 ነበርና፣ ፋር ብዙም ሳይቆይ በአዲሱ የምዝገባ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። በዚህ መሥሪያ ቤት አርባ ዓመት ያህል አገለገለ።

የምዝገባው መሥሪያ ቤት ሲቋቋም ዓላማው በአብዛኛው ሕጋዊ ነበር። ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ ውርስ ለማን እንደሚገባ የሚያስረዳ መዝገብ ለማዘጋጀት ነው። ፋር ግን ከዚህ የክርክር መዝገብ የሕዝብ ጤና መሣሪያ አወጣ። ለምሳሌ በዚያን ጊዜ አንዱ ሐኪም አንድን በሽታ በአንድ ስም፣ ሌላው ሐኪም ደግሞ በሌላ ስም ስለሚመዘግበው ቁጥሮቹን መደመርና ማወዳደር አይቻልም ነበር። ፋር በሽታዎችን በየወገናቸው ለይቶ አንድ ወጥ የስም ዝርዝር አዘጋጀ። የሞት ምክንያቶችን በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመመደብ ከተደረጉት የመጀመሪያ ጥረቶች ውስጥም ከፍተኛ ድርሻ ነበረው። ከክራይሚያ ጦርነት በኋላ ፍሎረንስ ናይቲንጌል የወታደሮችን ሞት መርምራ የጦር ሠራዊቱ የጤና አያያዝ እንዲሻሻል ስትታገል፣ ሠንጠረዦቹን በማዘጋጀት የረዳት እርሱ ነበር።

ከሥራዎቹ መካከል መሐንዲሶችን በተለይ የሚማርከው በ1864 የታተመው የእንግሊዝ የዕድሜ ሠንጠረዥ ነው። የስዊድን ተወላጆች የሆኑት ሾይትስና ልጁ፣ ከቻርልስ ባቤጅ ሐሳብ ተነሥተው ቁጥር የሚያሰላና የሚያትም መኪና ሠርተው ነበር። በፋር ጥረት የዚህ መኪና ቅጂ በለንደን ለምዝገባው መሥሪያ ቤት ተሠራና ከሠንጠረዦቹ ከፊሉ በእርሱ ተሰሉ። መኪናው የሚሠራው በመደመር ብቻ ነበር። በተከታታይ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት፣ የልዩነቱም ልዩነት እየተወሰደ እስከ አራት ደረጃ ይወርዳል፤ የመጨረሻው ልዩነት የማይለወጥ ከሆነ የሚቀጥለው ቁጥር ሁሉ ከዚያ ተመልሶ ይገነባል። ፋር ስለ ወረርሽኝ ያደረገውን ስሌት ለመረዳት ይህን ዘዴ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ሁለቱም የተመሠረቱት በአንድ ሐሳብ ላይ ነውና።

ፋር ወረርሽኝን በቁጥር መመርመር የጀመረው ገና በሥራው መባቻ ላይ ነበር። ከ1837 እስከ 1839 እንግሊዝን የመታው የፈንጣጣ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሕፃናትን ገደለ። ፋር በየሦስት ወሩ የሞቱትን ቁጥር በተርታ አስቀምጦ ሲመለከት፣ ሞቱ እንዲሁ በዘፈቀደ የሚወጣና የሚወርድ አለመሆኑን አስተዋለ። ቁጥሩ በመጀመሪያ በፍጥነት ያድጋል፤ ቀጥሎ የዕድገቱ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ከጫፍ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ከወጣበት አኳኋን ጋር በሚመሳሰል ሁኔታ ይወርዳል። በወረቀት ላይ ሲሳል የደወል ቅርጽ ይሰጣል። ፋር ይህን በ1840 በወጣው የመሥሪያ ቤቱ ዘገባ ላይ ጽፎ አቀረበ። ወረርሽኝም እንደ ሌላው የተፈጥሮ ነገር ሕግ አለው የሚለው እምነቱ ከዚህ የመነጨ ነው።

በ1848 እና በ1849 ኮሌራ እንግሊዝና ዌልስን መትቶ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ፈጀ። ፋር የለንደንን ቀበሌዎች በየአንዳንዱ ቁጥር እያነጻጸረ ሲመረምር፣ ከቴምዝ ወንዝ ወለል ከፍ ባለው ሥፍራ የሚኖረው ሕዝብ ሞት አነስተኛ፣ በዝቅተኛው ሥፍራ የሚኖረው ደግሞ ከፍተኛ ሆኖ አገኘው። ከ20 ጫማ በታች በሆነው ቦታ ከ10,000 ሰው 102 ያህል ሲሞት፣ ከ340 ጫማ በላይ በሆነው ቦታ የሞተው 8 ያህል ብቻ ነበር። በመካከል ያሉትም ቀበሌዎች ፋር ካወጣው ቀመር ጋር በሚያስደንቅ ሁኔታ ተስማሙ። በዚያን ዘመን አብዛኛው ሐኪም በሽታን የሚያመጣው የተበከለ አየር ነው ብሎ ያምን ስለ ነበር፣ ፋርም መጥፎው አየር በዝቅተኛ ቦታ ስለሚከማች ነው ሲል ምክንያቱን አስረዳ። ቀመሩ ከቁጥሮቹ ጋር ገጠመ፤ ምክንያቱ ግን ስሕተት ነበር። ዝቅተኛው ሥፍራ ለሞት የተጋለጠው በአየሩ ሳይሆን፣ ከወንዙ የቆሻሻ ውሃ ይጠጣ ስለ ነበር ነው። ሐኪሙ ጆን ስኖው በ1854 በውሃ ኩባንያዎቹ ደንበኞች መካከል ያለውን የሞት ልዩነት መርምሮ ይህን ሲያስረዳ፣ የተጠቀመበት የሞት ዝርዝር የተገኘው ከፋር መሥሪያ ቤት ነበር። ፋር ግን በዚያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ አልተቀበለውም።

የከብቱ ወረርሽኝ ብሪታንያን የመታው ከዚህ በኋላ ነው። በ1865 የበጋ ወራት፣ ከባልቲክ ባሕር ዳርቻ ተጭነው በሃል ወደብ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር ሪንደርፔስት የተባለው በሽታ ወደ ለንደን የከብት ገበያ ደረሰ። ይህ በሽታ የኢትዮጵያ ባላገር «ደስታ» በሚል ስም የሚያውቀው ነው። የተያዘው ከብት ያተኩሰዋል፤ ከአፉና ከዓይኑ ፈሳሽ ይወርዳል፤ ከዚያም ብርቱ ተቅማጥ ያዘውና አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። በዚያን ጊዜ መድኃኒትም ክትባትም አልነበረውም። ከገበያ የተገዙ ከብቶች በባቡር ወደየአውራጃው ስለ ተበተኑ፣ በሽታውም አብሮ ተበተነ። ጆን ጋምጂ የተባለው የእንስሳት ሐኪም ከውጭ በሚገቡ ከብቶች እንዲህ ያለ መቅሠፍት ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኘም።

የ1866 ዓመት ሲብት ሁኔታው እጅግ አስጊ ሆነ። የመርማሪ ኮሚሲዮን አባል የነበረው ሮበርት ሎው በሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ተነሥቶ፣ በሽታው እስከ አፕሪል አጋማሽ ካልተገታ ከስሌት በላይ የሆነ ጥፋት እንደሚመጣ፣ እስካሁን የታየው የዕድገት ሕግም ወደ ፊት የማይቀጥልበት ምክንያት እንደሌለ ተናገረ። ፋር ይህን ንግግር ካነበበ በኋላ መልሱን ጽፎ ላከ። ደብዳቤው ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1866 ዴይሊ ኒውስ በተባለው ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሎው የዕድገትን ሕግ ጠቅሷል፤ ነገር ግን ሕጉ እርሱ እንደመሰለው አይደለም የሚል ነበር ይዘቱ።

ፋር የተነሣባቸው ቁጥሮች በየአራት ሳምንቱ አዲስ የተያዙት ከብቶች ነበሩ። እስከ ኖቬምበር 4 ቀን 1865 ባሉት አራት ሳምንታት 9,597፣ እስከ ዲሴምበር 2 ባሉት 18,817፣ እስከ ዲሴምበር 30 ባሉት 33,835፣ እስከ ጃንዋሪ 27 ቀን 1866 ባሉት ደግሞ 47,191 ከብቶች ታመሙ። ሕዝቡና ምክር ቤቱ ያዩት የቁጥሮቹን መጨመር ነበር። ፋር ግን እያንዳንዱን ቁጥር ከርሱ በፊት ላለው አካፈለ። ውጤቱ በቅደም ተከተል 1.96፣ 1.80 እና 1.39 ሆነ። የታመሙት ከብቶች ቁጥር ቢጨምርም የሚጨምርበት እጥፍ እየቀነሰ ነበር። ቀጥሎ እነዚህኑ ውጤቶች በዚያው መንገድ አካፍሎ 0.917 እና 0.776 አገኘ። እነዚህን ሁለቱን ሲያካፍል የደረሰበት ቁጥር 0.846 ነው። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ሳይለወጥ ይቀጥላል ብሎ ወስዶ፣ እንደ ስሌቱ መኪና ወደ ኋላ ተመልሶ የሚቀጥሉትን ወራት ገነባ። የሚቀጥለው እጥፍ ከአንድ በታች ወርዶ 0.915 ስለሚሆን፣ ወረርሽኙ ወዲያውኑ ማሽቆልቆል ይጀምራል ማለት ነው። በዚህም መሠረት በሚከተሉት አምስት የአራት አራት ሳምንት ጊዜያት የሚታመሙት ከብቶች 43,182፣ 21,927፣ 5,226፣ 494 እና 16 እንደሚሆኑ አሰላ።

ደብዳቤው በብዙዎች ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም። የሐኪሞች መጽሔት ሳይቀር እንዲህ ያለ ወረርሽኝ በራሱ ጊዜ ሊበርድ ይችላል የሚለውን ሐሳብ ነቀፈ። የመጀመሪያውም ውጤት የፋርን ነቃፊዎች የሚያስደስት ነበር። እስከ ፌብሩዋሪ 24 ባሉት አራት ሳምንታት የታመሙት ከብቶች ፋር እንዳሰላው ወደ 43 ሺህ በመውረድ ፈንታ ወደ 57 ሺህ አደጉ። በሚቀጥሉት አራት ሳምንታት ግን ቁጥሩ በግማሽ ወርዶ 28 ሺህ ገደማ ሆነ፤ ከዚያም ወደ 16 ሺህ ገደማ ዝቅ አለ። ሎው የፈራው ከስሌት በላይ የሆነ ጥፋት አልመጣም። ሆኖም የወረርሽኙ ጅራት ፋር ካሰበው ይልቅ የረዘመ ነበር። በሜይ ወር በመቶ እንጂ በሺህ አይቆጠርም ብሎ ሲጠብቅ ገና በሺዎች ይቆጠር ነበር፤ በሽታው ከአገሪቱ ጨርሶ የጠፋው በ1867 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። የፋር ደብዳቤ በታተመ ማግሥት፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1866፣ አዲስ ሕግ ወጣ። ሕጉ የታመሙት ከብቶች እንዲታረዱ፣ ለባለቤቶቹ ካሣ እንዲከፈል፣ የከብት ዝውውርም በጥብቅ እንዲወሰን የሚያዝ ነበር። ታዲያ ወረርሽኙን ያበረደው የፋር የተፈጥሮ ሕግ ነው ወይስ የመንግሥት ሕግ? የመባዣው እጥፍ ከ1.96 ወደ 1.39 የወረደው አዲሱ ሕግ ከመውጣቱ በፊት ስለ ሆነ፣ የወረርሽኙ ግፊት አስቀድሞ መድከም እንደ ጀመረ አያጠራጥርም። ከማርች ወዲያ የታየው ፈጣን ማሽቆልቆል ግን ያለ ዕርዱና ያለ ዝውውር ክልከላው ይገኝ እንደ ነበረ ማንም ከአራቱ ቁጥሮች ሊያረጋግጥ አይችልም። ስሌቱ ወዴት እየተሄደ እንደ ሆነ ያሳያል እንጂ የሚነዳው ኃይል ምን እንደ ሆነ አያሳይም። በዚህ የተነሣ አንድ ሰው የፋርን ሠንጠረዥ ይዞ፣ ወረርሽኙ በራሱ ስለሚቆም ከብቶቹን ማረድ አያስፈልግም ብሎ ቢከራከር ኖሮ፣ ሠንጠረዡ ብቻውን ስሕተቱን ሊያርመው ባልቻለም ነበር።

ፋር ራሱ ምክንያቱን ለመስጠት ሞክሯል። የበሽታው መርዝ ከአንዱ ከብት ወደ ሌላው በተላለፈ ቁጥር ከኃይሉ ጥቂት ጥቂት ያጣል የሚል ነበር ዋናው ሐሳቡ። ይህም እንደ ቀድሞው የአየር ሐሳብ ትክክል ሆኖ አልተገኘም። ትክክለኛው ማብራሪያ የተሟላው ከእርሱ በኋላ ነው። ሮናልድ ሮስ የወባን መተላለፍ በሒሳብ ከመረመረ በኋላ፣ በ1927 ዊልያም ከርማክና አንደርሰን ማክኬንድሪክ የተባሉ የኤደንብራ ሊቃውንት መንጋውን ወይም ሕዝቡን በሦስት ከፈሉ፤ ገና ያልተያዙ፣ የታመሙና ሌላውንም የሚያስይዙ፣ አገግመው ወይም ሞተው ከመተላለፉ ሰንሰለት የወጡ። በሽታው ሲስፋፋ ያልተያዙት ቁጥር ይቀንሳል፤ ስለዚህ አንድ የታመመ ከብት የሚያስይዛቸው ከብቶች ቁጥርም ይቀንሳል። ይህ ቁጥር ከአንድ በታች ሲወርድ፣ ያልተያዙ ከብቶች ገና ቢኖሩም ወረርሽኙ ማሽቆልቆል ይጀምራል። የመርዙ ኃይል መድከም ግድ አይደለም። ከዚህም ለሥራ የሚሆን ውጤት ይገኛል። ለምሳሌ አንድ የታመመ ከብት አራት ሌሎችን የሚያስይዝ ከሆነ፣ ከመንጋው ከሦስት አራተኛ በላይ የሆነውን በክትባት መከላከል ወረርሽኙን ይገታዋል። የፋር ሠንጠረዥ ይህን ሊናገር አይችልም ነበር።

በዚያው በ1866 የበጋ ወራት ኮሌራ ወደ ለንደን ተመለሰ። ሞቱ በአብዛኛው የተከማቸው በከተማይቱ ምሥራቃዊ ክፍል ነበር። የፋር የከፍታ ቀመር ይህን ሊያብራራ አልቻለም። ፋርም ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን ሐሳቡን ከመከላከል ይልቅ የሞቱን ዝርዝር ከውሃ መሥመሮች ካርታ ጋር አገናዘበ። የሞቱት ሰዎች በአመዛኙ ውሃ የሚያገኙት ከአንድ ኩባንያ እንደ ነበረ፣ ኩባንያውም በሚገባ ያልተጣራ ውሃ ማከፋፈሉን ደረሰበት። በ1868 ባወጣው ዘገባ ኮሌራ በውሃ እንደሚተላለፍ በማያሻማ ሁኔታ ገለጠ። ጆን ስኖው በዚያን ጊዜ ከሞተ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር።

የፋር የመጨረሻ ዓመታት ያዘኑ ነበሩ። የምዝገባው መሥሪያ ቤት ዋና ሹም ሥራቸውን ሲለቁ፣ አርባ ዓመት ያገለገለው ፋር ሹመቱ ለእርሱ እንደሚገባ ይጠብቅ ነበር፤ ነገር ግን ከእርሱ ይልቅ የታላቅ ቤተ ሰብ ተወላጅ የሆነ ሌላ ሰው ተሾመ። ፋርም ከሥራው ተሰናበተ። በ1880 የመንግሥት ኒሻንና የብሪታንያ ሐኪሞች ማኅበር የወርቅ ሜዳይ ተሰጠው። ኤፕሪል 14 ቀን 1883 አረፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዋና ዋና ጽሑፎቹ በአንድ ጥራዝ ተሰብስበው ለመታሰቢያው ታተሙ።

ፋር ከሞተ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ፣ ያው ሪንደርፔስት የኢጣልያ ጦር ባስመጣቸው ከብቶች አማካይነት በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ። አብዛኛው የቀንድ ከብት አለቀ፤ ገበሬው የሚያርስበት በሬ አጣ፤ ከድርቅና ከአንበጣ ጋር ተደራርቦም ከ1888 እስከ 1892 የቆየውንና «ክፉ ቀን» የተባለውን ረኃብ አስከተለ። በብሪታንያ በየሳምንቱ የታመሙትን ከብቶች የሚቆጥሩና የሚያስተላልፉ ተቆጣጣሪዎች ነበሩ። በዚህ ግን የሚቆጥር መሥሪያ ቤት ስላልነበረ ጥፋቱ የሚታወቀው በኋላ ዘመን በተደረገ ግምት ብቻ ነው። ፋር በአራት ቁጥሮች ያደረገውን ለማድረግ አራቱ ቁጥሮች በቅድሚያ መገኘት ነበረባቸው።

ሪንደርፔስትን ለማጥፋት ከዚህ በኋላ አንድ ምዕተ ዓመት ያህል ወሰደ። ዋልተር ፕሎራይት በኬንያ ያዘጋጀው ክትባት መሣሪያውን ሰጠ፤ ብዙ የአፍሪካ አገሮች የእንስሳት ሐኪሞችና አርብቶ አደሮች ደግሞ ሥራውን ሠሩ። በ2001 በኬንያ ከታየ በኋላ በሽታው ዳግመኛ አልታየም፤ ኢትዮጵያ በ2008 ከበሽታው ነፃ መሆኗ ታወቀላት፤ በ2011 ደግሞ ከምድር ላይ ጨርሶ መጥፋቱ ለዓለም ተገለጠ። በሌላ በኩል በ2001 የአፍተግር በሽታ ብሪታንያን ሲመታ፣ የሒሳብ ሊቃውንት ስሌት ከታመመው መንጋ አጠገብ ያሉትም እርሻዎች ከብቶች እንዲታረዱ መንግሥትን ገፋፋ። ብዙ ሚሊዮን እንስሳት ተገደሉ። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ሳይገደሉ ሊቀሩ ይችሉ እንደ ነበር ከዚያ ወዲህ ብዙ ተከራክረውበታል። ክርክሩ የተነሣው ሎው በተናገረበትና ፋር መልስ በሰጠበት በዚያው ጥያቄ ላይ ነው፤ ይኸውም ወረርሽኙን የሚያበርደው በራሱ ያለው ሕግ ምን ያህል፣ የሰው እርምጃስ ምን ያህል እንደ ሆነ ነው።

የፋር ስም ዛሬ በለንደን የንጽሕና ጥበቃና የሐሩር አገር ሕክምና ትምህርት ቤት ግንብ ላይ ከታላላቅ ሐኪሞች ስም ጋር ተቀርጾ ይታያል። ሁለት ታላላቅ ቀመሮቹ ከቁጥሮች ጋር ገጥመው ምክንያታቸው ግን ሳይሰምር ቀርቷል። ይሁን እንጂ ሁለቱንም ከነቁጥራቸው በይፋ ስላወጣቸው፣ ሌላ ሰው ሊመረምራቸውና ሊያርማቸው ቻለ፤ የኮሌራውንም ያረመው ራሱ ነው።